መነጽር ያደረገች ልጅ እንዴት ትኳላለች

ጻፊ ሀያት። የምናገረውን እንዳለ ጻፊ፤ «እማማ ይህንን እንኳ እንተወው» እንዳትዪኝ። ዛሬ የምንተወው ነገር የለም። እናንተ የምታነቡትም ስሙኝ፤ ይህች የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትዳራለች። እኔ ፋጡማ እባላለሁ፤ የይፋት ቆላ ሰው ግን ፋጤ ነው የሚለኝ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ። ጣሊያን ሲገባ ጡት ያጎጠጎጥኩ ልጅ ነበርኩ፣ የቀረውን እናንተው አስሉት። ካገባሁ ወዲህ የሮቢትንና የዙሪያውን ሙሽራ ስኩል፣ እንሶስላ ሳስር፣ ጸጉር ሳስይዝ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ስለ ኩል ማንም አያስተምረኝም። በተለይ ትናንት ያየኋት ልጅ አታስተምረኝም!

ትናንት ሀያትን ተከትዬ ከአስፋልቱ ዳር ወዳለው የውበት ሳሎን ሄድኩ። በባጃጅ ነው የሄድነው፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ቤቱ መስተዋት በመስተዋት ነው፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ የሮቢት ሙቀት ግን መቼ በማራገቢያ ይመለሳል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ሀያትን ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና፣ ሳትጠይቅ ሳታማክር፣ መነጽሯን ከፊቷ ላይ አንስታ መደርደሪያው ላይ ጣል አደረገችው። «ሙሽራ መነጽር አታደርግም» አለች። «ለፎቶ ያንጸባርቃል፣ ዓይኗን ያሳንሰዋል፣ የቀባሁትንም ይሸፍንብኛል።»  ሀያት እጇን ዘርግታ መደርደሪያውን መዳበስ ጀመረች። ጣቷ የቅባቱን ዕቃ ነካ፣ ማበጠሪያውን ነካ፣ መነጽሩን አጣው። ያቺን የምትዳብስ እጅ ሳይ ደሜ ፈላ።

«አምጪ!» አልኳት ልጅቷን።

«ምኑን እማማ?»

«የልጄን ዓይን!»

ደነገጠች። «እንዲህ ሲሆን ያምርባታል ብዬ እኮ ነው እማማ። ደግሞ ለአንድ ቀን ነው።»

ለአንድ ቀን! ኤዲያ! ይቺን ቃል ከሰባ ዓመት በፊት ሰምቻታለሁ። እኔም መነጽሬን ያወለቅሁት ለአንድ ቀን፣ ያውም ለአንድ ገበያ ነበር፤ በዚያው ወንድሜን አጣሁት። መነጽሩን ከመደርደሪያው አንስቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ለሀያት አደረግሁላትና «ተነሺ፣ እኔው እኩልሻለሁ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ልጅቷ ከኋላ «እማማ ይቅርታ» ትል ነበር። ምን ታድርግ እሷ፣ አላወቀች። ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ፣ ሲነጋ ደግሞ ሀያትን ደብተር አምጪ አልኳት።

ወንድሜ ሰይድ ይባል ነበር። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አባትና እናታችን በአንድ የወባ ክረምት አለቁብንና አክስታችን እትዬ ዘሀራ አሳደገችን። እትዬ ዘሀራ የቆላው ሙሽራ ኳይ ነበረች፤ እኔም ሙያውን ከሷ ነው የወረስኩት። ማሳችን ከሮቢ ወንዝ ወዲያ ማዶ ነበር። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ሰይድና እኔ ወንጭፍ ይዘን ማማ ላይ ወጥተን ግሪሳ እንጠብቃለን። ታዲያ አንድ ዓመት በኔ በኩል ያለውን ማሽላ ግሪሳው ሙልጭ አድርጎ በላው። እትዬ ዘሀራ አርጩሜ ቆርጣ መጣች። «ተኝተሽ ነው! አንቺ ዝንጉ፣ ተኝተሽ አስበላሽው!» እያለች እግሬን ለበለበችኝ። እኔ አልተኛሁም ነበር። ወላሂ አልተኛሁም። ወፉን አላየሁትም፤ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር፣ ዓለም ሲርቅ እንዲያ የሚደበዝዝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሰይድ ከማማው ወርዶ አንድ ጥንቅሽ ቆረጠ። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ፣ ጥንቅሽ ማለት አገዳው የሚመጠጥ ጣፋጭ ማሽላ ነው፤ የኛ አገር ልጅ ከረሜላ ሳያውቅ በሱ ነው ያደገው። ሰይድ ጥንቅሹን ይዞ እስከ ማሳው ድንበር ሄደና ከፍ አደረገው።

«ፋጤ! ምን ያዝኩ?»

«አላውቅም!»

ቀረብ አለ። «አሁንስ?» «ዱላ!» ደግሞ ቀረብ አለ። «አሁንስ?» «ወንጭፍ!» እንዲህ እያለ፣ እየሳቀ፣ ኋላ ግን ሳቁን እያቆመ፣ ማማው ሥር ደረሰ። አፍንጫዬ ላይ ሊያስነካው ሲል ነው «ጥንቅሽ!» ያልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም እኮ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔን ድርሻ ግሪሳም እሱ ይጠብቅ ነበር። መንገድ ላይም ከፊቴ ይሄድና ሰው ሲመጣ «ሼህ ናቸው፣ ሰላም በይ» ይለኛል፤ ምክንያቱም ትልቅ ሰው ሳይታየኝ ሰላም ሳልል ሳልፍ አገሩ ሁሉ «የዘሀራ ልጅ ኩራቷ!» ማለት ጀምሮ ነበር። ሰላምታ የነሳች ልጅ በኛ አገር ምን እንደምትባል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። መቼ መጣ፣ በየት መጣ፣ እሱን ለሚያነቡ ልተወው። እኔ የማስታውሰው ካሚዮኑን ነው፤ ከአፋፉ ሲወርድ ድምፁ ከካሚዮኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ፍየሎቹ ይበተናሉ። የአስካሪዎቹን፣ የጣሊያንን ጥቁር ወታደሮች፣ ቀይ ታርቡሽ ቆብ አስታውሳለሁ፤ ቀይ ስለሆነ ለኔም ይታየኝ ነበር። ገበያው ዳር በነበረው የዐረብ ነጋዴ ሱቅ ሸክላ ሲዘፍን አስታውሳለሁ፤ ከበራፉ አቡጀዲ በጣቃ ተደርድሮ፣ ስኳር በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ባዶ የጋሌጣ ብስኩት ቆርቆሮ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። እኔም አንዱን ክዳን ገዝቼ በአመድ ፈትጌ መስተዋት አድርጌው ነበር። ጎረምሶቹ ካኪ ሱሪ መልበስ ጀመሩ። ሰይድ ግን ሽርጡን እንዳሸረጠ ጣርማ በር ወጣ፤ ጣሊያን ለሚያስፈለፍለው የመኪና መንገድ ዋሻ ድንጋይ ሰባሪ ሆኖ ተቀጠረ።

ደግሞ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፣ ይህንንም ጻፊ። ከደብረ ሲና ወዲያ ወጥተን ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ አንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ «ጣሊያን ግን ይህን ዋሻ ሠርቶልን ሄደ» ይላል። ሠርቶልን! ጣሊያን ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። ዋሻውን የሠራው ሰይድ ነው። በዚያ ብርድ፣ የቆላ ልጅ፣ በአንድ ሽርጥና በአንድ ጋቢ፣ እጁ ተሰነጣጥቆ ደም እየወጣው እሱና መሰሎቹ ናቸው የፈለፈሉት። አንድ ጊዜ ይህን ስል ሹፌሩ «እትዬ፣ ይረጋጉ» አለኝ። ልውረድ አልኩት። አልወረድኩም እንጂ ልወርድ ነበር።

ሰይድ በወሩ ከሥራው ወረደ። ቤት ሳይገባ፣ ከነአቧራው፣ እጄን ይዞ ዐረቡ ሱቅ ወሰደኝ። ዐረቡ ከባሕር ማዶ አመጣሁት የሚለው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ አሮጌ መነጽር ነበረው፤ የማን ዓይን ላይ እንደነበረ አላህ ይወቅ። ያኔ መነጽር የሚገዛው እየተሞከረ ነው። ሰይድ ጥንቅሽ ቆርጦ መጥቶ ነበርና መንገዱን ተሻግሮ ከማዶ ቆመ። እኔ አንዱን አደርጋለሁ፣ እሱ ጥንቅሹን ያነሳል። «ምን ያዝኩ?» «አላውቅም!» አንዱን አወልቃለሁ፣ ሌላ አደርጋለሁ። አንዱ ራሴን አዞረኝ፣ አንዱ መሬቱን አጎበጠብኝ። ሰው ተሰበሰበ፣ ዐረቡም ሥራውን ትቶ ይስቃል። ኋላ አንድ ክብ፣ የጆሮው ሽቦ የዛገ መነጽር አደረግሁ፤ አደረግሁና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰይድ ጥርሱ ፍንጭት መሆኑን ከሩቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ጥንቅሽ!» ብዬ ጮህኩ። «አንጓው አራት ነው!» ሰይድ ጥንቅሹን ወደ ላይ ወርውሮ ያዘው። ዋጋው አንድ ጠገራ ብር ነበር፤ ዐረቡ የጣሊያንን ወረቀት አልቀበልም ስላለው ሰይድ ሊሬውን እየዞረ በጠገራ መንዝሮ አመጣ። በዚያ ብር ፍየል ከነግልገሏ ይገዛ ነበር። ሰይድ ግን ከሱቁ ሲወጣ ባለ ፍየል እሱ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዋሻው ላይ አንድ አለቃ ደካማ ሽማግሌ ሲገርፍ አየና መዶሻውን ጥሎ ዱር ቤቴ ብሎ ካርበኞቹ ጋር ገባ። ስሙ ለጣሊያን ተነገረ። የሮቢት ባንዳ መልኩን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቤት መምጣት ቀረ።

እኔ ከመነጽሬ ጋር ቀረሁ። ልጆች «ጣሊያኗ! ጣሊያኗ!» እያሉ ይከተሉኛል። ይሁን፣ እኔ አያለሁ ብዬ ቻልኩት። ያስቸገረኝ ኩሉ ነው። ኩል ለመኳል መነጽር ማውለቅ አለ፤ መነጽር ሲወልቅ ደግሞ መስተዋቱ አይታይም። ለዓይነ ደካማ ሴት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፣ ያቺ የሳሎን ልጅ ትስማ፤ በዓይንሽ አትተማመኚ፣ በእጅሽ ተማመኚ። ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊ፣ መኳያውን ከውስጠኛው የዓይን ጥግ አስገቢና ዓይንሽን በላዩ ጨፍነሽ ወደ ውጭ ሳቢው። እኔ ስንት ጊዜ ጉንጬን ጥላሸት አስመስዬ ወጥቻለሁ! ደግሞ ቶሎ መነጽር አታድርጊ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ተቀመጪ፣ ኩሉ ይርጋ፣ የተረፈውን በጥጥ አንሺ፤ አለበለዚያ ሽፋሽፍትሽ የመነጽሩን መስተዋት ይቀባና ቀኑን ሙሉ በጭስ ውስጥ እንዳለሽ ትውያለሽ።

ቅቤውን ደግሞ አላህ ያሳያችሁ። በኛ አገር ሙቀት ለጋ ቅቤ አናት ላይ አድርጎ ገበያ መሄድ ማለት ግማሽ መንገድ ላይ ግንባር ላይ ማግኘት ነው። ከግንባር ወደ ቅንድብ፣ ከቅንድብ ወደ መነጽር። ስለዚህ መነጽር የምታደርግ ሴት ቅቤዋን ከማጅራቷ በኩል ታድርግ፤ ከግንባሯ ላይ ያለው ጸጉር ደረቅ ይሁን። የጆሮውን ሽቦ ሹሩባው ሥር በክር ማሰር እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ በላብ ከአፍንጫ አይንሸራተትም። መነጽሩ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። እንደኔ ሩቅ ለማታይ የሚሆነው ዓይንን ያሳንሳል፤ የሱ መድኃኒቱ ዙሪያውን በጥቁር መክበብ አይደለም፣ ያ ጭራሽ ይቀብረዋል። ከታች ስስ አድርጎ፣ ከውጭው ጥግ ግን ጭራውን ትንሽ ማስረዘም ነው፤ ያኔ ዓይን ይወጣል። የአሮጊቶች መነጽር በተቃራኒው ያገዝፋል፤ እዚያ ላይ ኩሉ እንደ ክር ይቅጠን፣ ምክንያቱም የእጅሽን መንቀጥቀጥ ሁሉ ለሰው ያወራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ያኔ አይደለም። ያኔ ባውቀው ኖሮ…

እሺ። ወደዚያ ቀን ልሂድ።

እትዬ ዘሀራ መነጽሩን አልወደደችውም። እሷ ኩል ስታዘጋጅ ድንጋዩን ሦስት ቀን ፈጭታ፣ በሻሽ ነፍታ፣ በጣቷ መሀል አሽታ እንደ ውኃ ካልፈሰሰላት አትቀባም። ታዲያ ያን የደከመችበትን «የጠርሙስ ቂጥ ሸፈነብኝ» ትላለች። ኋላ ከአንድ ደህና ቤት ለልጃቸው ሚስት እንደሚፈልጉ ተሰማ። በኛ አገር የልጁ እናት ቤት መጥታ ልጅ አታይም፤ ገበያ መሀል ቆማ፣ ሳይታወቅባት፣ አረማመዷን፣ ሰላምታዋን፣ ፊቷን ታያለች። የሚመጡበት ገበያ ታወቀ። የጥንቅሽ ወቅት ነበር።

በጠዋት ተነስታ ኳለችኝ። እንዲያ ያለ ኩል በሕይወቴ አልተኳልኩም፤ እውነት እውነት ነው። ስትጨርስ መነጽሬን ፈለግሁ።

«ዛሬ ይቅር» አለች።

«አላይም እኮ እትዬ!»

«እኔ አይልሻለሁ። ያቺ ሴትዮ መነጽር ያየች እንደሆን ዕውር ልጅ ትወልዳለች ነው የምትለው። ለአንድ ቀን ነው ፋጤ። ለአንድ ገበያ።»

ሁልጊዜ ይህን ሳወራ «እትዬ ዘሀራ ቀማችኝ» ነበር የምለው። ለልጆቼም እንዲሁ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ዛሬ ግን የምተወው ነገር የለም ብያለሁ። አልቀማችኝም። ያንን የጋሌጣ ክዳን አንስቼ፣ አፍንጫዬ እስኪነካው አቅርቤ፣ የተኳለውን ዓይኔን አየሁት። አማረኝ። ቆንጆ ነበርኩ። መነጽሩን በገዛ እጄ ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። በሷ ስናደድ የኖርኩት በራሴ መናደድ ስለማልችለው ነው።

ገበያው ለኔ ነጭና አመድማ ነበር። ነጩ ሰው፣ አመዱ አህያ። እትዬ ዘሀራ ክንዴን ይዛ በጆሮዬ ታንሾካሽካለች፦ «ቀና በይ። ዓይንሽን አታጥብቢ፣ ግንባርሽ ይሸበሸባል፣ ኩሉም ይለቀለቃል። በቀኝ ሼህ ናቸው፣ ሰላም በይ።» እኔም ወዳልታየኝ ሰው ዞሬ ሰላም እላለሁ። ዓይኔን ጠበብ ባደርግ እንኳ ትንሽ ይታየኝ ነበር፤ እሱንም ተከለከልኩ። ከአስካሪዎቹ ድንኳን አጠገብ ስንደርስ አንዲት ሴት እትዬ ዘሀራን ጠራቻት። «እሷ ናት፣ የልጁ አክስት ናት፣ እዚሁ ቁሚ፣ ፈገግ በይ» ብላኝ ሄደች። ብቻዬን ቆምኩ።

አንድ ሰው መጣ። ከራሱ እስከ አንገቱ ተጠምጥሟል፣ ከኋላው አህያ አለ፣ አህያው ላይ አረንጓዴ ነገር ተጭኗል። ያየሁት ይኸው ነው። ከፊቴ ጥቂት እርምጃ ቀርቶት ቆመና አንድ ረጅም አረንጓዴ ነገር ከፍ አድርጎ ዘረጋልኝ። አልተናገረም። በድንኳኑ በኩል ታርቡሾቹ ቀይ ሆነው ይታዩኛል፤ ለምን እንዳልተናገረ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ጥንቅሽ ሻጭ መሆኑ ብቻ ነው። የልጁ እናት እያየችኝ ከማላውቀው ወንድ ጥንቅሽ ተቀብዬ ገበያ መሀል ልመጥጥ? ኩሌ እንዲታይ ቀና ብዬ፣ በዚያ በተማርኩት የጨዋ ልጅ ድምፅ፣ «አልፈልግም። ዞር በልልኝ» አልኩት።

አልሄደም። ወደ ኋላ ሦስት አራት እርምጃ ራቀና እንደገና ከፍ አደረገው። ቆየ። ክንዱ እስኪዝል ቆየ። እኔ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። ስመለስ አህያውም ሰውየውም የሉም። እትዬ ዘሀራ እየሳቀች መጣች። «ወደዱሽ!» አለችኝ። «ያ ማን ነበር ከፊትሽ የቆመው?» «ጥንቅሽ ሻጭ» አልኳት።

ማታ መነጽሬን መለሰችልኝ። ቃሏን ጠበቀች፣ ለአንድ ቀን ነበር።

በቀጣዩ ገበያ ማግስት የሰይድን ሞት ሰማን። ከገበያው ሲመለስ፣ ሮቢ ወንዝ መሻገሪያው ላይ አስካሪዎች ተኩሰው ገደሉት አሉ። አንድ ባንዳ ዐረቡ ሱቅ በራፍ ላይ አይቶት ኖሯል። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። አለቀስን። ግን ከለቅሶው ይልቅ አንድ ጥያቄ በላኝ። ስሙ ለጣሊያን ተሰጥቶ፣ መልኩ እየታወቀ፣ ያን ሁሉ ወር ያልወረደ ሰው ምን ፈልጎ ሱቅ ወረደ? እትዬ ዘሀራ «ስኳር አምሮት ይሆናል» አለች። ስኳር! በኀዘኑ መሀል ልቆጣት አልቻልኩም እንጂ ያኔ ነው የጠላኋት።

አገባሁ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። በሠርጉ ሳምንት ፈራ ተባ እያልኩ መነጽሬን አውጥቼ አደረግሁ። አየኝና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይህ ካለሽማ ወፍ ትጠብቂልኛለሽ፤ ለምን ደበቅሽው?» እናቱም ሳቁ፣ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሞከሩት። በቃ። ያ ሁሉ ለምንም ነበር! ማንም አልጠየቀንም፣ ማንም አልከለከለንም፤ ራሳችን ፈራን፣ ራሳችን አወለቅን።

ጣሊያን የወጣ ዓመት አንድ ሰው ቤታችን መጣ። የቀወት ገበሬ ነው፣ ጋሼ ደምሴ ይባላል፤ አንገቱ ላይ ክር አለ፣ ጠመንጃውን ከደጅ አስደግፎ ገባ። ከሰይድ ጋር ዱር የነበረ ነው። እኔ ቀና ስል መነጽሬን አይቶ ደረቀ። ትኩር ብሎ መነጽሩን ነው የሚያየው።

«የሰይድ እኅት ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሌላ እኅት አለው?»

«የለውም። እኔው ነኝ፣ ፋጤ ነኝ።»

 ውኃ ሰጠሁት፣ ሳይጠጣ ያዘው። «ይህ መነጽርሽ» አለ፣ «መቼ ተሠራልሽ?»

«አልተሠራም። ራሱ ሰይድ የገዛልኝ ነው። ምነው ጋሼ?»

«አልተሰበረም ነበር?»

«ኧረ አልተሰበረም። ምነው?»

ደምሴ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለመሄድ ብድግ ሲል ልብሱን ያዝኩት። «ይንገሩኝ! አላህ ያሳይዎ ይንገሩኝ!» አልኩት።

ነገረኝ። እያንዳንዱን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ሰይድ ጥንቅሽ ጭኖ ገበያ ወርዶ ነበር፤ ወሬ ሊያይ፣ አንቺንም ሊያይ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ምነው አልነው። ‹ፋጤ መነጽሯ ተሰብሮባታል› አለ። ‹ከፊቷ ቆሜ ጥንቅሽ አነሳሁላት፣ አላየችም። ራቅ ብዬ አነሳሁላት፣ አላየችም። ለዚያውም ብቻዋን ነበር የቆመችው፣ የሚመራት ሰው አልነበራትም። ማን ሌላ ይገዛላታል?› አለ። እኛ ተው አልነው። ‹ያ ዐረብ ሣጥን ሙሉ አለው፣ ገብቼ መውጣት ነው› አለ። ሌሊቱን ሙሉ የጠገራ ብር ከጓደኛ ሲለምን አደረ። በሚቀጥለው ገበያ ወረድን፣ እኔ መሻገሪያው ላይ ጠበቅሁት። ሲሮጥ መጣ፣ ተኮሱ፣ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ጎትቼ ቀጤማው ውስጥ ከተትኩት። ‹ለፋጤ ስጥልኝ፣ ያኛው ተሰብሮባታል› ብሎ ይህን ሰጠኝ። ሌላ አልተናገረም።»

ከብብቱ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ። ፈታሁት። ክብ፣ የጆሮው ሽቦ የዛገ፣ ከዚያው ከዐረቡ ሣጥን የወጣ መነጽር። አንደኛው መስተዋት ተሰንጥቋል። እኔ ያልተሰበረውን አድርጌ የተሰበረውን አየሁት።

ደምሴ አልረገመኝም። ቢረግመኝ ይሻል ነበር። ልብሱን ካስለቀቀኝ በኋላ ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ፤ በራፉ ላይ ግን ዞር ብሎ «አንቺ ምን ታውቂ ኖሯል ልጄ» አለኝ። አዎ፣ አላወቅሁም። ግን ማወቅ እችል ነበር! መነጽሬ እትዬ ዘሀራ መቀነት ውስጥ ነበር፣ ከኔ በሃያ እርምጃ! ሰይድ ይቅር ሊለኝ እንኳ አልቻለም፤ ያጠፋሁ መሆኔን ሳያውቅ ነው የሞተው። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ተቆጥቶ ቢሞት እንዴት ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ ኳልኩ። ሂጂ ጠይቂ፤ መነጽር ያላትን ሙሽራ አውልቂ ብዬ አላውቅም። አማትም ብትቆጣ፣ ፎቶ አንሺም ቢቆጣ። «ያንጸባርቃል» ሲሉኝ «አንተ ዞረህ አንሳ» እላለሁ። ያ የተሰነጠቀው መነጽር ከኩል ብልቃጤ ጋር በአንድ ከረጢት ነው ያለው፤ አንቺ ሀያት ልጅ ሆነሽ «ይህ አሮጌ ለምን ይቀመጣል» ብለሽ ልትጥይው ስትይ በጥፊ የመታሁሽ ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ ምክንያቱን አልነገርኩሽም። ይቅር በይኝ። እሱንም ጻፊው።

አሁን ስሚኝ። በሠርግሽ ቀን እኔው ነኝ የምኩልሽ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ኩል በእጅ መንቀጥቀጥ አይበላሽም፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሳበው። ከታች ስስ፣ ጭራውን ትንሽ ረዘም። ግንባርሽ ላይ ቅቤ የለም፣ ቅባት የለም። እንሶስላ ባለው ጣትሽ የመነጽሩን መስተዋት እንዳትነኪ። ኩሉ ሲረጋ መነጽርሽን ራሴ ጠርጌ አደርግልሻለሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ በየቦታው ሲቀመጥ፣ አንቺ ከበራፉ ብቅ ስትዪ፣ እኔ ከግቢው ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር እቆማለሁ። ጥንቅሽ ደርሷል፣ ትናንት ከባጃጅ ስንወርድ ልጆች ሲሸጡ አይተሻል። አንዱን ይዤ ከፍ አደርጋለሁ፤ አንቺም የያዝኩትን፣ አንጓውንም ጭምር ቆጥረሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ። ካልነገርሽኝ ሠርግ የለም።